ነቀዝና የድሬ ሙቀት

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ወርዳችሁ ማሽላ ወይ በቆሎ በርከት አድርጋችሁ ከገዛችሁ ይቺን ስሙኝ። የድሬ ሙቀት ለእኛ ቢከብድም ለነቀዝ ምቾቱ ነው። በሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ በወር ገደማ ውስጥ ይደርሳል። እኔ አምና ጆንያውን ግድግዳ አስደግፌ ረሳሁት። እጄን ስከት እስከ ክርኔ ዱቄት ለብሶ ወጣ፤ ፍሬው በመርፌ የተወጋጋ ነው የሚመስለው።

አሁን የምጠቀመው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። በደንብ ይታጠብ፤ ውስጡ ጠብታ ውሃ ሳይቀር ይድረቅ። እህሉን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ አበጥሩት፣ ቀዝቀዝ ሲል እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት። ነቅነቅ አድርጉት፤ ጎደል ካለ ጨምሩበት። ክዳኑ ስር ላስቲክ አድርጋችሁ ጥርቅም! ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል። ቢያንስ አንድ ወር አትክፈቱት። በየቀኑ እየከፈታችሁ ካያችሁት አየር እየቀለባችሁት ነው። የሰሞኑን ለብቻ አስቀሩ።

መድረቁን ለማወቅ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ጨምሮ መነቅነቅ ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው፤ ይሻግታል። መልሳችሁ አስጡት።

ያንን የነቀዝ ማጥፊያ እንክብል ግን ሰው በሚተኛበት ቤት እንዳትሞክሩት። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።