የእናት አባትዎን የሜዲኬር መድኃኒት ጉዳይ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፋርማሲውን «ኢንሹራንሱ አልሸፈነም» የመጨረሻ ውሳኔ አድርጎ መውሰድ። ይሄ መቼም የሚቆም አይመስልም። እናት ይሰማሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ ወይ ሙሉውን ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ ጉዳዩም ያለቀ ይመስላቸዋል። ኧረ ገና አልተጀመረም! ፋርማሲስቱ የነገራቸው ኮምፒውተሩ የመለሰለትን ነው፤ የፓርት ዲው (የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን) ፕላን በሕግ የሚቆጠር ውሳኔ አልሰጠም። ፋርማሲው መብታቸውን የሚገልጽ ወረቀት እንዲሰጣቸው ደንቡ የሚያስገድደውም ለዚሁ ነው። ካልሰጠ ጠይቁ። ከዚያ በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውላችሁ «ከቨሬጅ ዲተርሚኔሽን» (ይሸፈናል አይሸፈንም የሚል መደበኛ ውሳኔ) እንፈልጋለን በሉ፤ ስሙን ካልጠሩት ተራ ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። መልሱ በ72 ሰዓት፣ መዘግየቱ ጤናቸውን ክፉኛ እንደሚጎዳ ሐኪሙ ከገለጸ በ24 ሰዓት መድረስ አለበት። መድኃኒቱ ከፕላኑ ዝርዝር ውጪ ከሆነ ግን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው የሐኪሙ ማብራሪያ ፕላኑ ዘንድ ሲደርስ ነው። ሳምንት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ቢሮ ቀድማችሁ ደውሉ።

የመስከረሙን ፖስታ ሳይከፍቱ መጣል። ፕላኑ የሚልከው የሚቀጥለው ዓመት ለውጥ መግለጫ እስከ ሴፕቴምበር 30 መድረስ አለበት። ወርኃዊ ክፍያውን ብቻ አይቶ ማጠፍም ያው ነው፤ መግለጫው እያንዳንዱን መድኃኒት አይዘረዝርም። የአዲሱን ዓመት የመድኃኒት ዝርዝር አውጥታችሁ እያንዳንዱን ከነሚሊግራሙ ፈልጉ፤ የክፍያ ደረጃው ከፍ ብሏል? ቅድመ ፈቃድ ወይም የመጠን ገደብ ተጨምሮበታል? ፕላን መቀየሪያው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው።

የአሠሪን ደብዳቤ መጣል። ገና እየሠሩ ወይም በትዳር ጓደኛ ኢንሹራንስ ላሉ፣ የመድኃኒት ሽፋኑ ከሜዲኬር ጋር የሚስተካከል መሆን አለመሆኑን አሠሪው በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 በፊት ያሳውቃል። ደብዳቤውን አስቀምጡት፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው። በቂ ሽፋን ሳይኖር 63 ተከታታይ ቀን ካለፈ፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር የብሔራዊው መነሻ ክፍያ 1 በመቶ ቅጣት ይታሰባል። 14 ወር የዘገየ ሰው በ2025 በነበረው መነሻ (36 ዶላር ከ78 ሳንቲም) በየወሩ 5 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይጨምር ነበር፤ ቅጣቱ ፓርት ዲ እስካለው ድረስ ይቀጥላል።

በየወሩ የሚመጣውን የመድኃኒት ወጪ መግለጫ እንደ ቢል መክፈል። ቢል አይደለም።

እናትን መስሎ መደወል። እሳቸው መስመር ላይ ሆነው ከፈቀዱ ፕላኑ ያናግራችኋል። አቤቱታ የምታቀርቡላቸው ከሆነ ደግሞ የውክልና ቅጽ 1696ን ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። የልጅ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም ይቅር፤ «አምሃሪክ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ፕላኑ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት።