ስለ ዓለም ጤና ድርጅት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር የዓለም ጤና ድርጅት ስም ከአፋችን አይጠፋም። ግማሹ ያመሰግነዋል፣ ግማሹ ይረግመዋል። አብዛኛው ክርክር ግን የሚመጣው ድርጅቱ የሌለውን ሥልጣን አለው ብሎ ከማሰብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት፦ የዓለም ጤና ሚኒስቴር አድርጎ ማየት

“ለምን ድንበር አላዘጋም? ለምን አውሮፕላን አላስቆመም?” በኮሮና ጊዜ ያልተባለ ነገር የለም። ድርጅቱ አንድ ኬላ እንኳ መዝጋት አይችልም። በእጁ ያለው ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ነው። ደንቡ እንደሚለው፣ አንድ አገር ድንበር ሊሻገር የሚችል የጤና አደጋ እንደገጠመው ካወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ባያሳውቅስ? ቅጣት የለም። ደንቡን ያጸደቁት አገሮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ማን በራሱ ላይ ዱላ ያቀብላል?

ከቅርቡ እንይ። በኖቬምበር 2025 ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ሲገኝ ናሙናውን የመረመረው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ምላሹን የመራው መንግሥት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያና ቁሳቁስ ልኮ አገዘ። ወረርሽኙ አበቃ ለማለት የሚቆጠረው 42 ቀን ግን የድርጅቱ መለኪያ ነው። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ሰውነት ውስጥ ሊቆይ የሚችለው እስከ 21 ቀን ስለሆነ፣ ለጥንቃቄ እጥፉ ይቆጠራል። አዲስ ታማሚ ካልተገኘ አለቀ ይባላል። ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ እንዲህ ሁሉም የሚስማማበትን መስፈሪያ ማውጣት ነው።

ሁለተኛው፦ የአደጋ አዋጁን አለመረዳት

ኮሮና መቼ ታወጀ ብትሉ ብዙ ሰው ድርጅቱ “ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ” ያለበትን ማርች 11፣ 2020 ይላችኋል። በደንቡ መሠረት ትልቁ ደወል፣ ማለትም ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ አዋጁ፣ የተደወለው ግን ጃንዋሪ 30 ነበር፤ ከቻይና ውጭ የተያዙት ሰዎች መቶ እንኳ ሳይሞሉ። ብዙ መንግሥታት ደወሉን ሰምተው መልሰው ተኙ። ሜይ 5፣ 2023 ደግሞ አዋጁ ሲነሳ “ኮሮና ጠፋ” ተባለ። የተነሳው አዋጁ ነው፤ ቫይረሱ የትም አልሄደም።

ሦስተኛው፦ ሁሉን ነገር ከዋና ዳይሬክተሩ ጋር ማያያዝ

እኛ ሐበሾች ጋ ይሄ ይብሳል። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በ2017 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሲመረጡ፣ የአገር ቤት ፖለቲካችንን ተሸክመን የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት እስካለበት ጄኔቫ ድረስ ሄድን። አሁን ስለ ኩፍኝ ክትባት የወጣ መግለጫ እንኳ እሳቸውን በመውደድና በመጥላት ይመዘናል። ሰውየው ሥልጣን የላቸውም ማለቴ አይደለም። በጁላይ 2022 በዝንጀሮ ፈንጣጣ ጉዳይ አማካሪ ኮሚቴው አልስማማ ሲል፣ በራሳቸው ውሳኔ አዋጁን አውጀዋል። በጀት የሚያጸድቀው ግን በየዓመቱ ሜይ ላይ ጄኔቫ የሚቀመጠው የአባል አገሮች ጉባኤ ነው።

ብሩም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። አገሮች በግዴታ የሚያዋጡት ለዓመታት የበጀቱን አንድ አምስተኛ እንኳ አልሸፈነም። የቀረው ከለጋሾች ይመጣል፣ አብዛኛውም ለምን እንደሚውል ተጽፎበት። ለፖሊዮ የተሰጠ ብር ለወባ አይዞርም።

ቀጣዩ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ነው፦ “ምን ሠርቶ ያውቃል?”

ፈንጣጣ የት ሄደ? ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታውን የማጥፋት ዘመቻው በ1971 ተጀመረ። የአገራችን የመጨረሻው ታማሚ በኦገስት 1976 ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። በዓመቱ ኦክቶበር ላይ፣ ሶማሊያ መርካ ከተማ፣ አሊ ማው ማሊን የሚባል የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ታመመ። ዳነ። በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የዓለም የመጨረሻው ሰው እሱ ነው፤ ኋላ ላይ ሰዎች ልጆቻቸውን ፖሊዮ እንዲያስከትቡ እየዞረ ይለምን ነበር።

የዘመቻው ብልሃት ታማሚውን አፈላልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን መከተብ ነበር። መርፌዋ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ማንም በቀላሉ ተምሮ የሚወጋባት ናት። በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል የሶቪየት ክትባትና የአሜሪካ ገንዘብ አንድ ዘመቻ ላይ ተገናኙ። ያገናኛቸው ይሄው “ምን ሠራ” የሚባለው ድርጅት ነው። ቆላ ወርዶ ደጋ ወጥቶ የከተበው ግን በአብዛኛው የአገሩ ልጅ ስለሆነ፣ ምስጋናውን ጠቅልሎ ለጄኔቫ መስጠትም ሌላ ስህተት ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት አጫጭር ናቸው

ቴሌግራም ላይ “የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው” የሚል ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ድርጅቱ ገጽ ላይ ሳታዩ አታጋሩ። በ2020 ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን ይከላከላል የሚለውን ወሬ የድርጅቱ ገጽ ራሱ ማስተባበል ነበረበት።

በድርጅቱ ስም ሥራ አለ ብሎ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ሰው ሌባ ነው። ድርጅቱ ለቅጥር ምንም ክፍያ አይጠይቅም።

ለመንገደኞች ደግሞ፦ የድርጅቱ አርማ ያለበት ቢጫ የክትባት ካርድ በ10 ዓመቱ ያበቃል ብላችሁ ለቢጫ ወባ ድጋሚ አትወጉ። ከጁላይ 2016 ጀምሮ የዕድሜ ልክ ሆኗል፤ የድሮው ካርድ ላይ የማብቂያ ቀን ቢጻፍም ያው ነው። አዲስ የሚከተብ ሰው ግን ካርዱ የሚጸናው ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ቀኑን ይቁጠር።