«ዝርክርክ» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ የጀማሪ ጋዜጠኞችን ጽሑፍ አርማለሁ። አንድ ቃል አይጠፋም፦ ዝርክርክ። መንገዱ ዝርክርክ፣ ስብሰባው ዝርክርክ፣ ገበያው ዝርክርክ።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግርግርን ዝርክርክ ማለት ነው። አንዷ ልጃችን የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያ እንዲህ ብላ ጻፈችው። በጠዋት አብረን ሄድን። ጀልባ ይደርሳል፣ መረብ ይራገፋል። ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ ይደረደራል። ቢላዋ የያዙት ልጆች ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። ገዢም ሻጭም ይጮሃል። ግን ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ይሄ ግርግር ነው። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» ብንልም ግርግር ሁሉ ጥፋት አይደለም። ዝርክርክ ግን ወቀሳ አለበት። ጆንያ ተቀዶ እህል መሬት ላይ ሲበተን ተዝረከረከ እንላለን፤ መሰብሰብ ያለበት ሳይሰበሰብ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ያንን ገበያ ዝርክርክ ስትሉ ላቡን አፍስሶ የሚያድረውን ሰው ሰደባችሁት። እባካችሁ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ቆማችሁ እዩ!

ሰውንም ዝርክርክ አትበሉ። የትኛው ሰነድ የት ወድቆ እንደተገኘ ጻፉ፣ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል።

ትርምስ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። በተቆለፈ መጋዘን ውስጥ ትርምስ የለም።

ምስቅልቅልን እወደዋለሁ፤ ዘሩ ፊት ለፊት ይታያል። ሰቀለ፣ መስቀል፣ ተመሳቀለ፣ ተመሰቃቀለ። መስቀለኛ መንገድም የዚሁ ቤተሰብ ነው። መልክ ይዞ የነበረ ነገር አንዱ ባንዱ ላይ ሲተላለፍ ነው ምስቅልቅሉ የሚወጣው። ከመጀመሪያውም መልክ ላልነበረው ነገር አይሆንም። «እጅግ በጣም ምስቅልቅል» የምትሉም ተዉ። ቅልቅል እያለ የሚደጋገመው መጨረሻው ራሱ «በጣም» ነው። ዝብርቅርቅም እንደዚያው።

ውጥንቅጥን «ውጥን» እና «ቅጥ» ብለው ቆርጠው ታሪክ የሚፈጥሩለት አሉ። ድምፅ ስለተመሳሰለ ዘመድ አይሆንም። መዝገበ ቃላት ክፈቱ። የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት የምትከፍቱ ደግሞ፣ የፊደሉ ቅደም ተከተል አ በ ገ ደ እያለ የሚሄደው አበገደ ነው፤ በሀ ለ ሐ መ ፈልጋችሁ «ቃሉ የለም» ብላችሁ እንዳትመለሱ።