ግቢያችሁ ውስጥ ወፍ ጎጆ ከሠራች እነዚህን አታድርጉ

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ዛፍ ያለው ግቢ ሁሉ እንግዳ አያጣም። ድንቢጧ ቆርቆሮ ሥር ሣር ታጭቃለች፣ እኛም ደስ ብሎን መመገብ እንጀምራለን። ስህተቱም እዚህ ይጀምራል።

ዳቦ መበተን። ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ጫጩት አያሳድግም። ድንቢጥ ራሷ ጥሬ ለቃሚ ብትሆንም ጫጩቶቿን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትመግበው ትልና ነፍሳት ነው፤ ፍርፋሪው ደጇ ላይ ከተከመረላት ግን ቅርብ ያገኘችውን ይዛ ትገባለች። መስጠት ካማራችሁ ማሽላ ወይም ዳጉሳ ይሁን፣ ያውም እስኪመሽ የሚያልቅ ጥቂት። የሻገተ እንጀራማ ጭራሽ አይታሰብም።

የተረፈ ወጥ። ብዙ ሰው የሚፈራው በርበሬውን ነው። ወፍ ግን የበርበሬ ማቃጠል አይሰማትም! የሚጎዳት ጨውና ዘይቱ ነው። አጥንትና ሥጋ ደግሞ ቁራ ይጠራል። ቁራ አጥንቱን ሲጨርስ ጎጆውን ማየቱ አይቀርም፤ እንቁላልም ጫጩትም አይምርም።

ለእኔ ከሁሉም የከፋው መርዝ መርጨት ነው። ጎመኑ ላይ ትል ታየ ተብሎ ግቢው በሙሉ ፀረ ተባይ ይረጫል። ያ ትል እኮ የጫጩቶቹ ምሳ ነበር! ጠዋት ጥሬ በትኖ ከሰዓት መርዝ የሚረጭ ሰው ባይመግባቸው ይሻላል። በእጅ ልቀሙት፣ ወይም ለወፎቹ ተዉላቸው።

ውሃ በባልዲ አታስቀምጡ፣ ይሰምጣሉ። ዝርግ ሳህን፣ መሀሉ ላይ ድንጋይ፣ በየቀኑ አዲስ ውሃ። በቃ።

መሬት ላይ ጫጩት ስታዩ ለማንሳት አትቸኩሉ። ላባ ካወጣ መብረር እየተለማመደ ነው፤ እናቱ እዚያው አካባቢ አለች፣ እናንተ ድመቷን ብቻ ያዙ። ላባ ከሌለው ወደ ጎጆው መልሱት። «የሰው እጅ ከነካው እናቱ ትተወዋለች» የሚባለው እውነት አይደለም። ወተት ግን እንዳትሰጡት፣ የወፍ ሆድ ወተት አይፈጭም። ውሃም በጠብታ አፉ ውስጥ አታድርጉ፣ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ጽዱን የሚከረክመው ሰው ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ውስጡን እዩ። ጫጩት ካለ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይምጣ፤ ጽዱ የትም አይሄድም።