ሚያታዬ ውሃ መቋጠር እንዴት እንዳቆመች

እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራችው፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ማዝዳ ሚያታ መኪናዬ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ያለው ምንጣፏ ውሃ ይቋጥር ነበር። አንድ ጋራዥ የሸራ ጣሪያዋ ካልተቀየረ መፍትሔ የለውም አለኝ። ሸራውን በጎማ ቱቦ ውሃ እያፈሰስኩ ፈተሽኩት፤ አንድም ቀዳዳ የለውም።

ጣሪያው ላይ የሚወርደው ውሃ ከወንበሮቹ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ማፍሰሻዎች ገብቶ ከመኪናዋ ስር ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) የማቆማት ዛፍ ስር ነው፤ የበሰበሰ ቅጠል የግራውን ደፍኖታል። በሣር መቁረጫ ማሽን የናይለን ክር ቀስ ብዬ ጎረጎርኩት። ሽቦ አትጠቀሙ፣ ቱቦውን ይበሳል። ለብ ያለ ውሃ ሳፈስበት ከኋላ ጎማው ፊት ጥቁር ጭቃ ወረደ። ምንጣፉን አውጥቼ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ እርጥብ ከተተወ ወለሉ ይዝጋል።

ጉልበቷ 116 ፈረስ ብቻ ነው፣ ክብደቷም አንድ ቶን አይሞላም። ግን ማርሿ አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ መብራቶቿ ከኮፈኑ ብቅ ሲሉ ዛሬም ደስታው አዲስ ነው። እንዲህ ያለውን ችግር ያለ ኮምፒውተር፣ በገዛ እጄ መፍታት መቻሌም ከማልሸጣት ምክንያቶች አንዱ ነው። አሁን ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ማፍሰሻዎቹን በየሳምንቱ አያለሁ።