ስለ ነፃ ፈቃድ ስትከራከሩ የሊቤትን ሙከራ እንዴት መመዘን ይቻላል?

«ሳይንስ ነፃ ፈቃድ እንደሌለን አረጋግጧል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ መጀመሪያ የትኛውን ሙከራ ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤት በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ተሳታፊዎቹ ደስ ባላቸው ሰዓት እጃቸውን ያጥፋሉ፤ ለማጠፍ የፈለጉባትን ቅጽበት ደግሞ ፈጣን ሰዓት እያዩ ይናገራሉ። በጭንቅላታቸው ላይ በተለጠፈ መሣሪያ የሚመዘገበው የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት ከእንቅስቃሴው 550 ሚሊሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይጀምራል፣ ሰውየው ግን «ፈለግኩ» የሚለው 200 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀረው ነው። «አንጎል ቀድሞ ወስኗል» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ምልክቱ እውነት ውሳኔ ነው? በ2012 እ.ኤ.አ. የአንጎል ተመራማሪው አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ፣ ምልክቱ በዘፈቀደ ከፍ ዝቅ የሚል የአንጎል እንቅስቃሴ ተጠራቅሞ የሚፈጥረው እንጂ ውሳኔ ላይሆን እንደሚችል አሳዩ፤ እኔን ይሄ የበለጠ ያሳምነኛል። ሊቤት ራሱም ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት ድርጊቱን ሊያስቀር ይችላል ይል ነበር፣ ይህን ግን ብዙዎች ይዘሉታል።

ቀጥሎ ስለ የትኛው ነፃነት እንደምታወሩ ተስማሙ። ያለ ምንም ምክንያት መምረጥ ነው ወይስ ማንም ሳያስገድድ በራስ ፍላጎት መሥራት? ፈላስፋው ዴቪድ ሁም ሁለተኛውን ይዞ ነፃነት ከምክንያትና ውጤት ጋር አይጣላም ብሏል።

በመጨረሻ ይህን ጠይቁት፦ እጅ ማጠፍ፣ ወራት አስቦበት ሥራውን ስለሚለቅ ሰው ምን ይነግረናል?