በውኃና በምግብ ውስጥ ያለን የከባድ ብረትና የፀረ-ተባይ ብክለት ለመቀነስ

ውኃን ማፍላት ጀርሞችን ቢገድልም እርሳስና አርሴኒክ የተባሉትን መርዛማ ከባድ ብረቶች አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የብረቱ ክምችት ከፍ ይላል። የቧንቧው መስመር አሮጌ ከሆነ፣ ቆሞ ያደረውን ውኃ ለጥቂት ደቂቃዎች አፍስሶ (ለጽዳት ሥራ ሊውል ይችላል) ቀጥሎ የሚመጣውን ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ለመጠጥና ለማብሰያ መጠቀም ይገባል፤ ሙቅ ውኃ እርሳስን ከቧንቧው ይበልጥ ያሟሟልና። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁለቱም ብረቶች ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ይህ በዓይንም በጣዕምም ስለማይለይ አስተማማኙ መንገድ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ፍራፍሬና አትክልትን በሚፈስ ውኃ እያሹ ማጠብ በልጣጩ ላይ ያለውን ፀረ-ተባይ ይቀንሳል፤ ሳሙና አያስፈልግም። ወደ ተክሉ ውስጥ የዘለቀውን ግን እጥበት አያወጣውም። የፀረ-ተባይ ባዶ ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃም ሆነ ለእህል መያዣነት መዋል የለበትም።